ልጅ ማስተማር ስማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁኝ ጥያቄዎች

የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ነኝ። የምማረው ቅድመ አንደኛ ደረጃ ነው። ዘንድሮ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ኦ ክፍል፣ ልምምድ ላይ ነኝ። ሰው ይሄን ሲሰማ የሚጠይቀኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ባጃጅ ውስጥም፣ ቡና ላይም፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ያንኑ ወሬ እየደጋገምኩ ስለሰለቸኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አንዳንዱ የወላጆች ጥያቄ ነው። አንዳንዱ በሚቀጥለው ዓመት ልምምድ የሚወጡ ልጆች የሚልኩልኝ ነው። የመጀመሪያው ደግሞ የእናቴ ነው።

ልጅ ማጫወት ደግሞ ኮሌጅ ተገብቶ ይማሩታል እንዴ?

አልፈርድባትም። እኔም ስመዘገብ እንደዛው ነበር የማስበው። የእህቴን ሁለት ልጆች አዝዬ አሳድጌያለሁ፣ ልጅ እወዳለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ቤት ያለ ልጅ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ ሳትጠይቂው ታውቂያለሽ። አብራችሁ ነው የምትውሉት። ክፍል ውስጥ ግን 40 ምናምን ልጅ አለ። "ገባችሁ?" ስትያቸው ሁሉም በአንድ ድምፅ "አዎ ቲቸር!" ይሉሻል። የገባውም ይላል፣ ያልገባውም ይላል፣ ሽንቱ የመጣበትም ይላል። እስካሁን የተማርኩት ነገር ቢጨመቅ፣ ከዚያ "አዎ" መሃል እውነተኛውን መለየት ነው። እሱንም ገና አልጨረስኩም።

ኦ ክፍል ምንድን ነው? ከኬጂ በምን ይለያል?

"ኦ" ዜሮ ናት። አንደኛ ክፍል ከመግባት በፊት ያለች አንድ ዓመት። ልጆቹ ስድስት ዓመት አካባቢ ናቸው፤ አንዳንዱ ታላቁን ተከትሎ የመጣ የአራት ዓመት ልጅም ይገኛል፣ ማንም አይመልሰውም።

ኬጂ አብዛኛውን ጊዜ የከፋይ ልጅ ቤት ነው። ነገሩ ከጥንትም እንደዛ ነበር፤ በአገራችን የመጀመሪያው የሚባለው መዋዕለ ሕፃናት እንኳን በፈረንጆቹ 1900 ገደማ ድሬዳዋ ላይ የተከፈተው ለባቡር ሐዲዱ ሥራ ለመጡት ፈረንሳዮች ልጆች ነው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አፀደ ሕፃናትን በስም ቢያነሳም መንግሥት ራሱ አልከፈተም፤ ለግሉ፣ ለቤተ እምነቱና ለበጎ አድራጊው ተወው። 2002 ዓ.ም. ላይ ትምህርት፣ ጤና እና ሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች አንድ ላይ ሆነው የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍ ሲያወጡ ነው ኦ ክፍል በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ መግባት የጀመረው።

ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ብዙ ቦታ ትርፍ የሆነችውን ክፍል፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሚቀመጥበትን ዴስክና ሌላ ምድብ ያጣውን መምህር ሰጥተውት ነው የጀመረው። የእኔ ልጆች ዴስኩ ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት አይነካም። ቀኑን ሙሉ እግር ተንጠልጥሎ "ተረጋጋ" ሲባል አስቡት እስቲ።

ልምምድ ማለት ኋላ ቁጭ ብሎ ማየት ነው አይደል?

በፊት ነበር አሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመምህራን ሥልጠናው ሲከለስ ፕራክቲከም፣ ማለትም የክፍል ልምምዱ፣ ትልቅ ቦታ ተሰጠው፤ መጀመሪያ ታያለህ፣ ቀጥሎ ትረዳለህ፣ ከዚያ ራስህ ታስተምራለህ። ወረቀት ላይ እንዲህ ነው። እኔ የደረስኩ ቀን ግን ሜንተሬ፣ ማለትም እዚያ የሚያለማምዱኝ የክፍሉ መምህርት፣ ስብሰባ ነበረባቸው። ጠመኔውን እጄ ላይ አስቀምጠው "መጣሁ" ብለው ወጡ። ስለዚህ የማየቱን ደረጃ ዘልዬዋለሁ።

እሺ፣ ያ ቀን እንዴት ሆነ?

ሰባት ደቂቃ።

የ40 ደቂቃ ዕቅድ ነበረኝ። መግቢያ አምስት ደቂቃ፣ ገለጻ፣ መልመጃ፣ ማጠቃለያ፣ ሁሉም በሳጥን በሳጥን ተከፋፍሎ፣ በቀይ እስክርቢቶ ተሰምሮ። የቤት እንስሳትን ነበር የማስተምረው። ሥዕሉን ሰቀልኩ። ላም፣ በግ፣ ዶሮ፣ አህያ። "ይቺ ማን ናት?" "ላም!" "ምን ትሰጠናለች?" "ወተት!" ሁሉንም ያውቁታል፤ ግማሾቹ ጠዋት በግ አውጥተው ነው የመጡት። እኔ አጠገቧ ሄጄ የማላውቃትን ላም ለእነሱ አስተምራለሁ። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ወሬዬ አለቀ። ዝም አልኩ። እነሱም ዝም አሉ። ከፊት የተቀመጠ፣ ቀይ ኮዳ ያንጠለጠለ ልጅ ቀና ብሎ አየኝና "አለቀ?" አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ትርምስ አልጽፈውም። ሜንተሬ ሲመለሱ ሁለት ልጅ ዴስክ ላይ ቆሟል፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዱ የሰው ዳቦ ይበላል። እሳቸው አልጮሁም። በሩ ላይ እንደቆሙ ዝቅ ባለ ድምፅ "ተረት ተረት" አሉ። "የላም በረት!" አለ ክፍሉ። ሁሉም ተቀመጠ። በዚያች ሰዓት ቅናት ይሁን አድናቆት እንጃ፣ የሆነ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ተቀመጠ።

ኋላ ስጠይቃቸው ያሉኝ ይሄን ነው፦ "የሚያውቁትን ጠይቀሽ መልሱን ጠበቅሽ። ላም ምን እንደምትሰጥ ሳይሆን፣ የእነሱ ላም ማን እንደምትባል ጠይቂያቸው።" በነጋታው ጠየቅኩ። ቡሬ፣ ዳለቻ፣ ጉራች፣ ቦራ። አንድ ሰዓት አልበቃንም። አንዷ ልጅ ላማቸው ስለምትራገጥ እናቷ እንዴት እግሯን አስራ እንደምታልባት በተግባር አሳየችን፤ ጓደኛዋን ላም አድርጋ።

ሲያለቅሱ ምን ታደርጊያለሽ?

መስከረም ላይ ነው ይሄ። ወላጆች፣ እባካችሁ ተደብቃችሁ አትሂዱ። "ዞር ሲል ልውጣ" የሚባለው ዘዴ ለእናንተ ነው የሚቀለው። ልጁ ዞር ሲል እናቱ የጠፋችበት ቦታ ላይ በነጋታውም ዞር ማለት ይፈራል፣ ቀሚሳችሁን ይዞ አይለቅም። ንገሩት። "ምሳ ስትበላ እመጣለሁ" በሉት፣ ደግሞ በሰዓቱ ኑ። ያለቅሳል፣ አዎ። ግን በሳምንቱ ይተዋል።

እኔ በበኩሌ "አታልቅስ" ማለት ትቻለሁ፤ ሠርቶልኝ አያውቅም። ሥራ እሰጠዋለሁ። ጠመኔ አከፋፍል፣ ቆርኪ ቁጠር፣ በሩን ጠብቅ። በር ጠባቂ የሆነ ልጅ ሲያለቅስ አላየሁም።

ፊደል እንዴት ነው የምታስተምሪው? ልጄ ሀ ሁን እስከ ፐ በቃሉ ይወጣዋል ግን ማንበብ አይችልም፤ ምን ልሁን?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ልምምድ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ክፍሌ ፊደል ገበታውን እንደ መዝሙር ይለው ነበር። በረጅም እንጨት እየጠቆምኩ፣ "ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ" እነሱ ይጮኻሉ፣ ኮሪደር ላይ የሚያልፍ መምህር ሁሉ ጭንቅላቱን አስገብቶ ያደንቃል። ልቤ አብጦ ነበር። አንድ ቀን እንጨቱ ከእጄ ወደቀና ሳነሳው ሳላስበው "ሚ" ላይ አረፈ። እነሱ ቀጠሉ። "ሐ ሑ ሒ…" እንጨቱ የት እንዳለ ያየ ልጅ የለም!

ገበታውን በነጠላዬ ሸፈንኩት። አንድ አንዳቸውን እየጠራሁ በካርቶን የጻፍኩትን ፊደል ነጥዬ አሳየኋቸው። "ሊ" ሳሳየው አንዱ ልጅ ጣቱን እያጠፈ በሹክሹክታ "ለ… ሉ… ሊ!" አለ፤ እሱ ጎበዙ ነው፣ ቢያንስ ቤተሰቡን አውቆታል። ብዙዎቹ ግን ፊቴን ነበር የሚያዩት። ተነጥሎ የቀረበ ፊደል የሚያውቁ ልጆች 10 እንኳን አልሞሉም። መዝሙሩን ነበር ያስተማርኳቸው። የዘፈኑን ዜማ የሚያውቅ ሰው ግጥሙን ያውቃል ማለት አይደለም፤ እኔ ራሴ ግማሽ ቃሉን ሳላውቅ የማንጎራጉረው ዘፈን ሞልቷል።

ይሄ የእኔ ክፍል ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። 2002 ዓ.ም. ላይ አማርኛን ጨምሮ በስድስት ቋንቋዎች የተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳን በትክክል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ሁለተኛ ክፍል! ቁጥሩ የቆየ ነው፣ ግን ያን ቀን ነጠላዬን ገበታው ላይ አድርጌ ሳስበው የቆየ አልመሰለኝም።

ለበዓል ቤት ስሄድ ለአያቴ አወራሁት። አያቴ ቄስ ትምህርት ቤት ነው የተማረው። ሳቀብኝ። "አቡጊዳ ለምን የተሠራ ይመስልሻል?" አለኝ። አላውቅም አልኩ፤ ሌላ የፊደል ስም ነበር የሚመስለኝ። "አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ" አለና ጣቱን አጠፈ። ልብ በሉ፦ አ ግእዝ ነው፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ ዳ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ው ሳድስ፣ ዞ ሳብዕ። ፊደሉም ድምፁም አብሮ ይቀየራል። ሀ ሁን በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚህ ሲደርስ ዜማው አይረዳውም፣ ማየት አለበት። የኔታ የገባውን ልጅ ከሸመደደው የሚለዩበት መንገድ ነበር ማለት ነው። እኔ በኮሌጅ ደረጃ በአጋጣሚ የደረስኩበትን እነሱ ስንት ዘመን ሲሠሩበት ኖረዋል። (ይሄን ስል ቄስ ትምህርት ቤት ሁሉ ነገሩ ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም፤ አያቴ ራሱ ስለ አለንጋው ሲያወራ አይስቅም።)

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። በስም እጀምራለሁ። እያንዳንዱ ልጅ ከካርቶን የተቆረጠ ስሙ አለው፣ ጠዋት ሲገባ ፈልጎ ግድግዳ ላይ ይሰካል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የራሱን ስም ብቻ ሳይሆን የጓደኛውንም ያውቃል፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚጣላው ስሜን ወሰደብኝ እያለ ነው። ከዚያ ከስማቸው ፊደል እየነጠልን ሌላ ቃል እንሠራለን። ላ፣ ማ፣ ባ፣ በላ፣ ማማ፣ ላባ።

ቅርጹ ላይ ደግሞ የሚረዳ ነገር አለ። ካዕብ አብዛኛውን ጊዜ ወገቡ ላይ በቀኝ ቅጥያ አለው፦ ሉ፣ ቡ፣ ሱ። ሣልስ ቅጥያው እግሩ ሥር ይወርዳል፦ ሊ፣ ቢ፣ ሲ። ኃምስ እግሩ ሥር ቀለበት ያበጃል፦ ሌ፣ ቤ፣ ሴ። ልጆቹ "ኪስ ያለው"፣ "ጫማ ያደረገ"፣ "አልቦ ያደረገች" ይሏቸዋል፤ ስሙን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ሩና ፉ ይሄን ሕግ አያከብሩም። ሳድስ ደግሞ በቃ አመጸኛ ነው፤ ል፣ ስ፣ ት፣ ን፣ ር፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው የሚሄደው። ልጆች የሚሰናከሉት እዚያ ላይ ነው፣ ስለዚህ ረጅም ጊዜ የምሰጠው ለሳድስ ነው። 33 ጊዜ 7፣ 231 ፊደል በአንድ ዓመት ጭንቅላቱ ውስጥ አስገቡለት የሚሉ ወላጆች ይሄን ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል። ሐ እና ኀ፣ ሠ እና ዐ ቆይተው ቢመጡ ማንም አይሞትም፤ ድምፃቸውን በሌላው ያውቁታል።

ሌላው ፊደላችን ማጥበቅና ማላላቱን አይጽፍም። አንዷ ተማሪዬ "ገና" የሚለውን አንብባ ስታበቃ ቆማ አሰበችና "ቲቸር፣ በዓሉ ነው ወይስ ገና ነው?" አለችኝ። ያን ቀን ደመወዝ ቢኖረኝ ግማሹን እሰጣት ነበር።

40 ልጅ አንድ አንድ እየጠየቅሽ እንዴት ይሆናል? ጊዜው ከየት ይመጣል?

አይበቃም። ሁሉንም በአንድ ቀን ለመድረስ መሞከር ትቻለሁ። በአምስት ምድብ ከፈልኳቸው፣ በቀን አንድ ምድብ አጠገቤ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፣ ሌሎቹ በአሸዋ፣ በጭቃ፣ በቆርኪ ይሠራሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ልጅ በሳምንት አንዴ በደንብ አየዋለሁ። ትንሽ ደብተር አለችኝ፣ ሁለት ሦስት ቃል እጽፍባታለሁ፦ "ቀና በን ያምታታል"፣ "ዛሬ አልበላም"፣ "ሳቀ"።

"ገባችሁ?" የሚለውን ቃል ራሴ ላይ ከልክያለሁ። ካመለጠኝ ለሜንተሬ ሻይ እጋብዛለሁ። እስካሁን ብዙ ሻይ ጠጥተዋል። በምትኩ "ዓይን ጨፍኑና መልሱን በጣት አሳዩ" እላለሁ። ዓይን ሲጨፈን ከጎረቤት መቅዳት የለም። ጣቶቹን ሳያቸው ማን የት እንዳለ በአንድ ትንፋሽ ይገባኛል።

ሥነ ሥርዓትስ? ካልተቆነጠጡ ይሰማሉ እንዴ?

በሕግ እንጀምር፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ስለዚህ ቁንጥጫው "ባህላችን ነው" በሚል የሚታለፍ ነገር አይደለም። ወላጅ መጥቶ "ቲቸር፣ ሥጋው የእርስዎ፣ አጥንቱ የእኔ" ሲለኝ አመሰግናለሁ፣ ሥጋውንም አብረው ይውሰዱት እላለሁ።

አልመታሁም። ግን ንጹሕ ነኝ አልልም። አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ሁልጊዜ ፊቱን አዙሮ ጎረቤቱን ያወራል። ሦስት ቀን ታገሥኩ፣ በአራተኛው ግድግዳ ሥር አቆምኩት። ከሰዓት ልጆቹ ሲወጡ ደብተር ለማረም እሱ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ፣ በአጋጣሚ፣ ፀሐይ ስለነበረው። ቀና ስል ሰሌዳው ላይ አንድም ነገር አይታይም። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ሰሌዳውን መስታወት አድርጎታል። ልጁ የሚያወራው "ምንድነው የጻፈችው?" እያለ ነበር።

በነጋታው ቦታውን ቀየርኩለት፣ ይቅርታም ጠየቅኩት። ይቅርታ ስጠይቀው ምን እንደሚል ግራ ገብቶት "እሺ፣ ግድ የለም" አለኝ፣ ልክ እንደ ትልቅ ሰው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አርብ የተለያየ ቦታ ላይ እቀመጣለሁ። ልምምድ ለምትወጡ ሁሉ፦ ከዕቅድ አጻጻፍ በፊት ይሄን አድርጉ። አንዱ ቦታ ላይ ሚስማር አግኝቻለሁ።

ቁጥርስ?

ደብረ ብርሃን ቢራ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ነው፤ ቆርኪ ችግር የለብንም። አሥር አሥሩን በክር አስረን እንቆጥራለን። ቅልሞሽ ደግሞ አለ፤ አንዷን ጠጠር ወደ ላይ ወርውረሽ ከመውደቋ በፊት መሬት ያሉትን አንድ በአንድ፣ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እያደረግሽ ማንሳት ማለት መደመርም ማካፈልም ነው። ሰኞ ማክሰኞም እንደዚሁ። መርጃ መሣሪያ የለንም እያልን የምናለቅስበት አገር ውስጥ ልጆቹ በኪሳቸው ይዘውት ይመጣሉ፣ እኛ በር ላይ "ጠጠሩን ጣል" እንላለን።

ቁጥር ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች ልጅ አለ ክፍሌ ውስጥ። አማርኛ ይችላል፣ ግን ቆርኪ ሲቆጥር ከንፈሩ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው፣ ድምፅ የለም። አይችልም ብዬ ደብተሬ ላይ ጽፌ ነበር። አንድ ቀን ጆሮዬን አስጠጋሁ። "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን…" እስከ ሃያ ሳይሳሳት ሄደ። መቁጠር የተማረው እዚያ፣ ከኦሮሞ ጎረቤቶቹ ልጆች ጋር ሲጫወት ነው፤ እዚህ ሲመጣ እንዳይሳቅበት ደበቀው። ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን ሰረዝኩ። አሁን ክፍሉ በሁለቱም ቋንቋ ይቆጥራል፣ አስተማሪያችን እሱ ነው፣ እኔ "ሰግል" የምለውን ሁልጊዜ ያርመኛል።

ልጄ በግራ እጁ ነው የሚጽፈው፤ ልቀይረው?

አይ። ተዉት። ወረቀቱን ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብሉለት፣ ከቀኝ እጅ ጸሐፊ በስተግራ አስቀምጡት፣ ክርናቸው እንዳይጋጭ። አለቀ።

እርሳስ አያያዙ ደካማ ከሆነ ደግሞ ገጽ ሙሉ "ሀ" አታስጽፉት። ምስር ያስለቅሙት። እውነቴን ነው። ቤት ምስር የሚለቅሙ ልጆች ጣታቸው ይታወቃል። ጭቃ ማድቦልቦል፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ ባቄላ መፈልፈል፣ ሁሉም ይሠራል። በተረፈ እዚህ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጠዋት ውርጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የማንም ጣት እርሳስ አይይዝም፣ የእኔም ጭምር። መጻፍን ከረፍት በኋላ አድርጌዋለሁ፣ ጠዋት እንዘላለን።

ለምን በእንግሊዝኛ አታስተምሯቸውም? የጎረቤቴ ልጅ የግል ኬጂ ነው የሚማረው፣ "አፕል" ይላል።

ይበል። አፕል በልቶ ያውቃል?

ውጭ አገር ነን። ልጆቻችን አማርኛ ይሰማሉ ግን ፊደል አያውቁም። ከየት እንጀምር?

ይሄ ከዋሽንግተን አካባቢ ያለች የአክስቴ ልጅ ጥያቄ ነው፣ እሷም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ታስተምራለች። በሳምንት አንድ ሰዓት ነው ያላቸው። በዚያች ሰዓት ገበታውን ከላይ እስከ ታች ማስጮህ ልክ እኔ የሠራሁትን ስህተት መድገም ነው። ከስማቸው ይጀምሩ። ቀጥሎ ቤት ውስጥ የሚያዩትን፦ ቡና፣ ዳቦ፣ ማር፣ ሽሮ። የቃሉን ትርጉም አስቀድመው ካወቁት ፊደሉ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ደግሞ አያት በስልክ ይግቡበት። አንዱ ልጅ ለአያቱ "ናፍቀሽኛል" ብሎ ጽፎ ፎቶ ልኮላት፣ እሷ ደግሞ በትልልቅ ፊደል መልስ ጽፋለት፣ ከዚያ በኋላ ማስገደድ አላስፈለገም አለችኝ።

ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ምን ይሻላል?

ለልጆቹ አትንገሯቸው። እኔ ነገርኳቸው። "ነገ እንግዳ ይመጣል፣ ጎበዝ ሁኑ" አልኩ። ሱፐርቫይዘሬ ገና ከመቀመጣቸው ያ ባለ ቀይ ኮዳው ልጅ እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ ጎበዝ የምንሆነው አሁን ነው?" አለ።

ውጤቴ ደህና ነበር። አስተያየቱ ላይ "ክፍሉ ይጮኻል" የሚል አለ፣ እውነት ነው፣ ይጮኻል። በፊትም ይጮህ ነበር፣ ያኔ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ነበር የሚጮኸው።

ደመወዙ ጥሩ ነው?

ቀጣዩ ጥያቄ።

እና ትቀጥይበታለሽ?

ሦስት ጊዜ ልተወው ወስኜ ነበር። አንዱ የሰባት ደቂቃዋ ቀን ናት፣ ሁለተኛው ያ ልጅ ግድግዳ ሥር የቆመበት፣ ሦስተኛው የራስ ቅማል ወደ እኔ የተሻገረበት ሳምንት። አሁን ግን የማየው ነገር አለኝ። "ሊ"ን በጣቱ ከ"ለ" ጀምሮ ይቆጥር የነበረው ልጅ ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስንወጣ የሱቅ ታፔላ ላይ ቆመ። "ስ… ኳ… ር" አለ። ኳን ማን እንዳስተማረው አላውቅም፣ እኔ ገና አልደረስኩበትም። ስጠይቀው "ሁልጊዜ ከዚህ ነው የምንገዛው" አለኝ።

ቤት ቆርኪ አለኝ፣ ልስጥሽ?

አዎ! ግን ታጥቦ፣ የተጣመመውን አውጥታችሁ፣ ጠርዙ ሹል የሆነውን በድንጋይ መታ መታ አድርጋችሁ። ቤት ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ካለ እሱ አጠገብ አታስቀምጡት፣ ይውጠዋል። የሳሙና ካርቶንም እቀበላለሁ፣ የስሙ ካርድ በዝናብ ጊዜ ስለሚበሰብስብን። የቢራ ቆርኪ ከሆነ ምንም አይደለም፤ የለስላሳ ከተገኘ ግን ይመረጣል፣ ልጆቹ በቀለም መለየት ይወዳሉ፣ ቢጫው ላይ ደግሞ ሁሌም ጠብ ስላለ ቢጫ ይብዛልን።